ቀለሙን ተወውና ብረቱን አሳየኝ

መርካቶ ማሽን ልግዛ ብሎ የገባ ሰው ሁለት ዓይነት ምላስ ይቀበለዋል። አንደኛው «አዲስ ነው፣ ማሸጊያው አልተፈታም» ይላል። ሁለተኛው «ውራጅ ነው፣ ግን የጀርመን ነው፣ ዛሬ እንዲህ ያለ ብረት ከየት ይመጣል!» ይላል። አንደኛውን፣ ማሸጊያው ካልተፈታ መሥራቱን በምን አወቅህ እለዋለሁ። ሁለተኛውን፣ የሠራው አገር ለምን እንደሸጠው ንገረኝና ከዚያ በኋላ ስለ ብረቱ እናወራለን እለዋለሁ።

ምላሴን ያሾለው የገንዘቡ ነገር ነው። በእነዚህ ሁለት ምላሶች መካከል የሚገባው ገንዘብ የዓመታት ዕቁብ ነው፤ የእናት ወርቅ፣ የወንድም ብድር፣ የተሸጠ ሚኒባስ ነው። ገንዘቡ አንዴ ብረት ሆኖ ከተቀመጠ ወደ ገንዘብነቱ የሚመለሰው ብረቱ ሲቆርጥ ብቻ ነው። ካልቆረጠ መጨረሻው እዚያው መርካቶ ነው፤ በጋዝ ተቆራርጦ፣ በኪሎ ተመዝኖ ምናለሽ ተራ ይደርሳል። የምናለሽ ተራ ሰዎች የከበረ ሙያ አላቸው፤ ከበርሜል ምድጃ፣ ካለቀ ጎማ ገመድ ያወጣሉ። አንድ ወጣት ፋብሪካ ልክፈት ብሎ የገዛው ቶርኖ ግን በዓመቱ እዚያ ሲደርስ ማየት ያናድደኛል።

ብረት እያዞረ የሚቆርጠውን ቶርኖ ያነሣሁት በምክንያት ነው። የወፍጮ ዘንግ ሲሰበር፣ የብሎኬት ማሽን ቡሽ ሲያልቅ፣ የሊጥ ማቡኪያ ማርሽ ሲበላ ሰው የሚሮጠው ቶርኖ ቤት ነው። ቶርኖው ጠማማ ከሆነ ጠማማነቱን ለደንበኛው ሁሉ ያድላል፤ ጠማማ ዘንግ የገባበት ወፍጮ ኩሽኔታ በላ እየተባለ በየወሩ ይፈታል፤ ጥፋቱ ከየት እንደመጣ ግን ማንም አያውቅም። ስለዚህ በቶርኖ ግዢ የሚሳሳት ሰው ለብቻው አይሳሳትም።

ደላላው ይጀምር።

«ጋሼ፣ ይኸው፣ እንደ አዲስ ነው! ቀለሙ ራሱ ሰሞኑን ነው የተቀባው።»

«ቀለሙን ተወውና ብረቱን አሳየኝ። ቶርኖ በቀለሙ አይቆርጥም።»

«ብረቱም ያው ነው፣ ምን ይሆናል?»

«ይበላል። የት ጋ እንደተበላ እኔ ላሳይህ።»

መቁረጫውን ተሸክሞ የሚመላለሰው ጋሪ የሚንሸራተትበት ሐዲድ አለ። ሐዲዱ እኩል አያልቅም። ሥራው የሚበዛው ብረቱን ከሚይዘው ጥርስ አጠገብ ስለሆነ እዚያ ያለው ክፍል እየሳሳ ይሄዳል፤ ወደ ኋላ ያለው ጫፍ ግን በሃያ ዓመትም እምብዛም አይነካም። ዘይቱን ጥረግና ጥፍርህን ከሐዲዱ ጎን፣ ጋሪው ከማይደርስበት ጠርዝ ወደሚመላለስበት ጎትተው። ጥፍርህን የሚይዘው እርከን ካለ ማሽኑ ዕድሜውን ነገረህ። ቀጥለህ ጋሪውን ከተበላው በኩል መጫወቻ እስኪያጣ አጥብቀህ ወደ ኋላ ግፋው፤ መሀል ላይ ከተቀረቀረ ስንት እንደተበላ ያለ መሣሪያ አወቅህ። ሐዲዱ ላይ የተቀባ ቀለም ካገኘህ ደግሞ ዋጋ አትጠይቅ፣ ውጣ። የሚንሸራተት ብረት ላይ ቀለም የሚቀባው የሚደብቀው ያለው ሰው ነው።

«እሺ ጋሼ፣ ይዞራል እኮ! ላስነሣልህ?»

«መዞርማ ማራገቢያም ይዞራል። ቆርጦ ያሳየኝ።»

በሬ የሚገዛ ገበሬ ጥርሱን ካየ በኋላም ሳይጠምደው ብር አይቆጥርም። ቶርኖም እንዲሁ ነው። ወፈር ያለ ክብ ብረት በአንድ ጫፉ ብቻ ይታሰር፣ ሌላው ጫፍ ድጋፍ አይኑረው። ከመያዣው አጠገብ አንድ ቀለበት፣ ከ15 ሳንቲ ሜትር በኋላ ሌላ ቀለበት፣ የመቁረጫውን ልክ ሳይነኩ በስሱ ይላጥ። ከዚያ ሁለቱን ቀለበቶች በማይክሮሜትር ለካ። ልዩነቱ ከ2 መቶኛ ሚሊ ሜትር ካልበለጠ ለመለዋወጫ ሥራ የሚሆን ማሽን አገኘህ። ከበለጠ ወዲያው አትፍረድ፤ ሐዲዱን የተሸከመው አልጋ ተጣምሞ ቆሞ ሊሆን ስለሚችል በውሃ ልክ አስተካክሎ ይደገም። ሁለተኛውም ያው ከሆነ ግን ስለ ጀርመን ማውራቱ አብቅቷል።

ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። ጊዮርግ ሽሌሲንገር የተባለ የበርሊን መሐንዲስ የቶርኖንና የሌሎች መቁረጫ ማሽኖችን መፈተሻ በ1927 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አውጥቶት ዛሬም የማሽን ፋብሪካዎች አዲስ ምርታቸውን የሚፈትኑት በዚያ መሠረት ላይ ነው። ስለዚህ አዲስ የምትገዛ ወንድሜ አንተም አላመለጥክም። አዲስ ማሽን የፈተና ወረቀት ይዞ ይወጣል፤ ምኑ ስንት እንደተለካ፣ የሚፈቀደው ስንት እንደሆነ ተጽፎበታል። «ወረቀቱ የታለ?» ስትለው «ካታሎጉ ይኸውልህ» የሚልህ ነጋዴ ጥያቄህን አልመለሰም። ካታሎግ ሊሆን የሚገባውን ያሳያል፤ የፈተና ወረቀት የሆነውን።

አሁን ደግሞ አስመጪው።

«ለምን በውራጅ ትለፋለህ? አዲሱ ይኸው የሚያብረቀርቅ።»

«ስንት ኪሎ ነው?»

«ኪሎ ምን ያደርግልሃል? በርበሬ አይደለም የምትገዛው!»

«በርበሬ ቢሆንማ አልጠይቅህም ነበር፣ ሚዛኑ ፊቴ ላይ ነው።»

ኪሎውን የምጠይቀው ስለሚገባኝ ነው። ብረት ሲቆረጥ ማሽኑን ይገፋዋል፤ ቀላል ማሽን ሲገፋ ይንቀጠቀጣል፤ የተንቀጠቀጠ መቁረጫ ብረቱ ላይ ማዕበል ጽፎ ይሄዳል፣ የመቁረጫው ጫፍም ይሰበራል። ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሞስኮ የተሠራው 1ኬ62 የተባለው ቶርኖ ከ2 ቶን በላይ ይመዝናል፣ ሞተሩ 10 ኪሎ ዋት ነው፤ 400 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን ብረት ከሐዲዱ በላይ ያዞራል። የቻይናው ሲኤ6140ም 400 ሚሊ ሜትር ያዞራል፣ ሞተሩ 7.5 ኪሎ ዋት ነው፣ ክብደቱም 2 ቶን ግድም ነው፤ እሱን አዲስ ካቀረብክልኝ እንነጋገራለን። በዚያው ዋጋ 500 ኪሎ የማይሞላ የጠረጴዛ ቶርኖ አምጥተህ «አዲስ ነው» የምትለኝ ከሆነ ግን አዲስነቱ የሚጠቅመው ለአንተ መደብር መስታወት እንጂ ለእኔ ዘንግ አይደለም።

«መንግሥት ራሱ በ2012 ዓ.ም. አሮጌ መኪና ላይ ኤክሳይስ ታክስ የጫነው አሮጌ እንደማይረባ ስላወቀ ነው» ያለኝም አለ። መኪና ጭስ ይተፋል፣ መንገድ ላይ ፍሬን እምቢ ብሎ ሰው ይገድላል፤ ታክሱ የተጣለው በዚያ ላይ ነው። ቶርኖ አንድ ቦታ ተተክሎ የሚኖር ቀልጦ የፈሰሰ ብረት ነው። የፈሰሰ ብረት ውስጡ ውጥረት አለው፤ ውጥረቱ እስኪለቅ ድረስ በዝግታ ይጣመማል። ደህና ፋብሪካ ውጥረቱን በእሳት ወይም በጊዜ አስለቅቆ ነው ወደ መላጊያ የሚያስገባው። የተቻኮለ ፋብሪካ ግን ትናንት የፈሰሰውን ዛሬ ልጎ ይሸጣል፤ መጣመሙ ገዢው ቤት ከገባ በኋላ ይቀጥላል። የአርባ ዓመት ቶርኖ ሊጣመም የነበረውን ተጣሞ ጨርሷል። የሚቀረው መበላቱን መመርመር ነው፤ እሱን ደግሞ በጥፍርህ ታገኘዋለህ።

ይህን ስል ሰምቶ አንድ የውራጅ ነጋዴ ደስ አለው። ደስታው ይቆየው።

«ልክ ብለሃል አባቴ! እንግዲህ ይህን የእንግሊዝ ውሰደው።»

«127 ጥርስ ያለው ማርሽ አለው?»

«ማርሽማ ሞልቷል።»

«ሞልቷል አላልኩህም፣ 127 ነው ያልኩህ።»

የድሮ የእንግሊዝ ቶርኖ ጥርስ የሚያወጣበት ረጅም ብሎን በኢንች የተሠራ ነው። የእኛ አገር ብሎንና ዳዶ በአብዛኛው በሚሊ ሜትር ነው። አንድ ኢንች 25.4 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ከአንዱ ወደ ሌላው ሳይዛነፍ የሚያሻግረው 127 ጥርስ ያለው ማርሽ ነው፤ 25.4ን በ5 ስታባዛው የሚመጣው እሱ ነውና። ያ ማርሽ ከጠፋ የምታወጣው ጥርስ መጀመሪያ ላይ ዳዶውን ይቀበላል፣ እየራቀ ሲሄድ ግን ይነክሳል። ማርሹ እዚህ ሊቆረጥ ይችላል፤ ከዋጋው ግን ይቀነስ፤ የጎደለው አንተ ዘንድ ነው፣ ቅናሹም ከአንተ ይምጣ።

ማርሽ ካነሣን፣ ውራጁን የምወድበትን ትልቁን ምክንያት ልናገር። አሮጌ በእጅ የሚሠራ ማሽን ሲሞት መርካቶ ውስጥ ይነሣል። ኩሽኔታው ላይ ቁጥር አለ። 6205 የሚል ኩሽኔታ ጀርመን ይሥራው ቻይና፣ ውስጡ 25፣ ውጩ 52፣ ውፍረቱ 15 ሚሊ ሜትር ነው፤ ቁጥሩን ይዘህ ሄደህ ይዘህ ትመለሳለህ። ቺንጋው ይገኛል፣ ሞተሩ ይጠቀለላል፣ ማርሹ ይቆረጣል፣ ቡሹ ከነሐስ ይወጣል። ጋራዡ በር ላይ ቆመህ «ይኸው ነገ ይደርሳል» ይባልልሃል፣ ይደርሳልም። የአዲሱ ማሽን ቦርድ ሲቃጠል ግን ማን ጋ ትሄዳለህ? ዶላር ወረፋ ትይዛለህ፣ ዕቃው ጅቡቲ እስኪደርስ ትጠብቃለህ፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ እስኪፈተሽ ትጠብቃለህ። የቆመው ማሽን ኪራይ ይበላል፣ ሠራተኛው ደሞዝ ይፈልጋል፣ ደንበኛው ወደ ጎረቤት ይሻገራል።

«ውራጅ ኮምፒውተር ያለውስ? ሲኤንሲ! ዋጋው የአዲሱን ሩብ ነው።»

«ባትሪው መቼ ተቀየረ?»

«ባትሪ? ስልክ መሰለህ?»

«እንግዲህ ባትሪ እንዳለው ካላወቅህ አትሽጠው።»

ብዙዎቹ የሲኤንሲ መቆጣጠሪያዎች የማሽኑን ልክ፣ የእያንዳንዱን ጋሪ መነሻ ቦታ፣ የፋብሪካውን ቅንብር ሁሉ በባትሪ በሚጠበቅ ማኅደር ውስጥ ይይዛሉ። ማሽኑ ከመብራት ተነቅሎ መጋዘን፣ ከመጋዘን ኮንቴይነር፣ ከኮንቴይነር ወደብ እያለ ሲንገላታ ባትሪው ካለቀ ማሽኑ ራሱን ይረሳል። ቅንብሩ በወረቀት ወይም በፍላሽ ካልተያዘ የገዛኸው ቁም ሣጥን ነው። ከጃፓን የሚመጡ አንዳንዶቹ ደግሞ ከቦታቸው መነቀላቸውን የሚያውቅ መሣሪያ ተገጥሞላቸዋል፤ ከተነቀሉ ይቆለፋሉ፣ ቁልፉን የሚፈታው የሠራው ኩባንያ ብቻ ነው። ስለዚህ ፍርዴ ይኸው፦ በእጅ የሚሠራ ከሆነ ከባዱን ውራጅ ፈትነህ ግዛ፤ ኮምፒውተር ያለው ከሆነ አዲስ ግዛ፣ እሱንም ተካዩና ጠጋኙ አዲስ አበባ ውስጥ ካለ። ስልኩን ደውለህ፣ ሱቁን አይተህ፣ ከዚህ በፊት ተክሎለት የሚያውቀውን ደንበኛ ጠይቀህ። ሲኤንሲ የሚያስፈልግህ አንድ ዓይነት ዕቃ በሺዎች የምታወጣ ከሆነ ነው። ዛሬ ዘንግ፣ ነገ ቡሽ፣ ከነገ ወዲያ ማርሽ የምትሠራ ከሆነ ኮምፒውተሩን ለማዘዝ የምታጠፋው ሰዓት ቶርኖ ላይ ሥራውን ይጨርስልሃል።

ከውጭ የመጣ የአክስት ልጅም አለ፤ ልቡ ቀና ነው፣ ለአገሩ ነው የሚለፋው።

«አሜሪካ ጨረታ ላይ ሙሉ ወርክሾፕ በርካሽ ወድቆ አገኘሁ። ኮንቴይነር ሞልቼ ላምጣው?»

«እግዚአብሔር ይስጥህ። ሞተሩ ላይ የተለጠፈችውን ቆርቆሮ ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ።»

እዚያ መብራቱ 60 ሄርዝ ነው፣ እኛ ጋ 50። በደቂቃ 1,800 ጊዜ ሊዞር የተሠራ መስክ እኛ ጋ 1,500 ይዞራል፤ ከስድስት አንዱ ፍጥነት ቀረ ማለት ነው። ለቶርኖ ይህ ሞት አይደለም፣ ፑሊ ተቀይሮ ይካሳል። 460 ቮልት የሚል የስሪ ፌዝ ሞተር የእኛን 380 ቮልት ደህና አድርጎ ይቀበላል፣ ምክንያቱም ቮልቱም ሄርዙም በእኩል መጠን ነው የወረደው። 230 ብቻ የሚለውን ግን ያለ ትራንስፎርመር ካገናኘኸው በመጀመሪያው ቀን ይጨሳል። ስለዚህ የአክስቴ ልጅ፣ ርካሽነቱን ከትራንስፎርመሩ፣ ከጭነቱና ከቀረጡ ጋር ደምረህ አስላ። ከበዛብህ ማሽኖቹን እዚያው ተውና መለኪያዎቹንና መቁረጫዎቹን አምጣ፤ ማይክሮሜትሩ፣ ዳያል ጌጁ፣ የፍሬዛ መቁረጫው ሻንጣ ውስጥ ይገባል፣ እዚህ ደግሞ ዋጋው እሳት ነው።

«ቻይና ዛሬ የደረሰችበት በአዲስ ማሽን ነው፤ አንተ በውራጅ ልታስቀረን ነው?» ብሎ የተቆጣኝም አለ። ቁጣውን አከብራለሁ፣ ለአገር ማሰብ ነው። ታሪኩ ግን እንደዚያ አይደለም። በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የጀርመኗ ዶርትሙንድ ትልቁን የፎኒክስ ብረት ፋብሪካዋን ስትዘጋ የገዛው ሻጋንግ የተባለው የቻይና ኩባንያ ነበር። ወደ 1 ሺህ የሚጠጉ ቻይናውያን ሠራተኞች እዚያው እየኖሩ ዓመት ሳይሞላ ፈታቱት፤ 250 ሺህ ቶን ብረት በመርከብ ተጭኖ ያንግትሴ ወንዝ አፍ አጠገብ እንደገና ተተከለ። ውራጅ ነበር። ልብ እንድትልልኝ የምፈልገው ግን ሌላ ነው፤ ከብረቱ ጋር 40 ቶን ወረቀት አብሮ ተጭኗል፣ የትኛው ብሎን የት እንደሚገባ የሚናገር። እኛ መርካቶ ማሽን ገዝተን መጽሐፉን እንረሳለን። መጽሐፉን፣ የኤሌክትሪክ ሥዕሉን፣ የማርሽ ሠንጠረዡን ያልሰጠህ ነጋዴ ግማሹን ነው የሸጠልህ፤ ግማሹን ዋጋ ክፈለው።

የገንዘቡም ነገር አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላሩ ከ57 ብር ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። 20 ሺህ ዶላር የሚያወጣ ማሽን 1 ሚሊዮን 140 ሺህ ብር ይበቃው የነበረው፣ ቀረጥና ጭነት ሳይቆጠር ከ2 ሚሊዮን በላይ ሆነ። መጋዘን ውስጥ የቆመው ውራጅም አብሮ ተሰቀለ።

«በአሮጌ ዶላር የገባ ዕቃ በአዲስ ዶላር ለምን ትሸጥልኛለህ?»

«የምተካው በአዲሱ ነዋ፣ ወንድሜ።»

«የምትተካውን ስታመጣ በአዲሱ እገዛዋለሁ። ዛሬ የምገዛው የቆመውን ነው፤ የቆመው ደግሞ ዝጓል።»

ሊዝ አለ የሚሉኝም አሉ፤ እውነታቸውን ነው። የኢትዮጵያ ልማት ባንክ ለአነስተኛና መካከለኛ አምራቾች 20 በመቶውን ተበዳሪው ካዋጣ 80 በመቶውን በማሽን የሚያቀርብበት አሠራር አለ። መልካም ነገር ነው፣ ብዙ ወጣት ያለ መሬትና ያለ ቤት መያዣ ማሽን የሚያገኝበት በር ነው። ወደዚያ በር የምትሄድ ሰው ግን አንድ ነገር አስብ፤ ማሽኑ ሲቆም ክፍያው አይቆምም። ስለዚህ የሊዝ ማሽን ስትመርጥ ከማንም በላይ ስለ መለዋወጫ ተጨቃጨቅ። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የኢንቨስትመንት ማበረታቻ ደንብ ቁጥር 270 ከካፒታል ዕቃው ዋጋ እስከ 15 በመቶ የሚደርስ መለዋወጫ ከቀረጥ ነፃ ለማስገባት ፈቅዶ የነበረው በዚሁ ምክንያት ነው። ብዙ ሰው ግን «አዲስ ነው፣ ምን ይሰበርበታል?» ብሎ ማሽኑን ራቁቱን ያመጣል። የሚሰበረውን ሻጩ ያውቀዋል፤ የትኞቹ ዕቃዎች በብዛት እንደሚሸጡለት ጠይቀው፣ እነሱን አብረህ አዝዝ።

ገንዘብህን ደግሞ ማሽኑ ላይ አትጨርስ። ኬብሉ፣ ቆጣሪው፣ ማሽኑ የሚተከልበት ኮንክሪት፣ መቁረጫው፣ ሞርሳው፣ መለኪያው ሌላ ገንዘብ ነው። ከሁሉም በላይ ሠራተኛው። ከተግባረ ዕድና ከዊንጌት የሙያ ትምህርት ቤቶች የወጡ፣ ጆሯቸው የማርሽ ድምፅ የሚለይ፣ እጃቸው የመቶኛ ልዩነት የሚያውቅ ሰዎች አሉ። አንድ እንዲህ ያለ ሰው ቀድመህ ቅጠርና ማሽኑን እሱ ይምረጥልህ። ባለሀብቶች ማሽኑን ገዝተው ሲያበቁ ሠራተኛ ይፈልጋሉ፤ ሠራተኛው መጥቶ ማሽኑን ዞሮ አይቶ ዝም ሲል ያኔ ይገባቸዋል። የዚያ ሰው የአንድ ወር ደሞዝ ከስህተቱ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

ደላላው አሁንም አልለቀቀኝም።

«ጋሼ፣ ሁሉንም ሰማሁ። እዚህ መጋዘን ግን ስሪ ፌዝ የለም፣ ቆርጦ ማሳየት አይቻልም። እኛ መርካቶ በእምነት ነው የምንሠራው።»

«እምነትህን አልነካሁም። ክሬኑንና ጭነቱን እኔ እችላለሁ፤ ስሪ ፌዝ ያለበት ጋራዥ እንውሰደው። ሁለት ቀለበት ይቁረጥልኝ፣ ማይክሮሜትሩን አንተ ያዝ፣ ቁጥሩን ጮክ ብለህ አንብብ። ካለፈ ብሩን እዚያው ቆጥሬ እሰጥሃለሁ፤ ካላለፈ የመመለሻው ጭነት ያንተ ነው።»

«ባለቤቱን ልጠይቅና ልመለስ» ብሎ ሄደ።